ቁልፉን ሳስረክብህ

ቁጭ በል፣ ቢንሳር ልጄ፤ ጀልባው ገና ነው።
ሦስት ካርቶን መጽሐፍህ ደጅ ላይ ነው ያለው፤
አስገባው ከጥላ፣
የቶባ ዝናብ አይነግርም፤ ይመጣል ድንገት ከተራራው ኋላ።

ይህ የደጁ ቁልፍ ነው፤ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፣
በጉልበት አይከፈትም፤ በሩን ትንሽ ሳብ አድርገው።
ይህ ደግሞ የሙዳየ ምጽዋቱ፤ እኔ ይዤው አላውቅም፣
ሁለት ሽማግሎች ይይዙታል፤ ቆጠራ ላይ ብቻህን አትቁም።
እጅህ ንጹሕ ነው፣ አምናለሁ፤
ሐሜት ግን እጅ አያይም፤ ኪስ ነው የሚያየው፣ ነግሬሃለሁ።

አሁን ስለ ሞት።
የመጣሁ ሰሞን፣ ልክ እንዳንተ ጫማዬ ሳይቧጨር፣
የሮሲንታ ልጅ ሰጠመ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።
ከእናቲቱ ፊት ቆሜ አርባ ደቂቃ ሰበክሁ፣
የግሪኩን ቃል ፈታሁ፣ የዕብራይስጡን ጨመርሁ፣
ትንሣኤን እንደ ሒሳብ አስረዳሁ።
እርሷ ጫማዬን ታያለች።
ቲዮሚናር፣ ደወል ደዋይዋ፣ ከጓዳ ብርጭቆ ታጥባለች።
አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አጥባ ጨርሳ መጣች፣
እጇ ገና እንደራሰ ከሮሲንታ ጎን ተቀመጠች፤
ያኔ ነው እናት ያለቀሰች።

ከወር በኋላ ተመለስሁ። ለቀስተኛው ተበትኗል፣
ከበሮው ዝም ብሏል፣
ባልዮው የተቀደደ መረብ ይዞ ከደጃፉ ተቀምጧል።
አንዱን ጫፍ ያዝሁለት፣
እስኪመሽ ጠገንን፤ መጽሐፌን አልከፈትሁበት።
ሮሲንታ ልትሸኘኝ ወጥታ፣
«አማንግ፣ ዛሬ ገና መጣህ» አለችኝ፤ ጸጥ አልን ለአፍታ።

እና ደብተር ያዝ፣ ስብከት የማይጻፍበት፤
የሟቹን ስም፣ ቀኑን ጻፍ፣ ያዘነውን ቤት።
ወር ሲሆነው፣ ዓመት ሲሆነው፣ ሌላው ሁሉ ሲረሳ፣
ቃል የለኝም ብለህ አትቅር፤ ደብተሩን አይተህ ተነሣ።

ሰኞ አትገኝ። ሐይቁ ዳር ሂድ፤ ዓሣ እምቢ ካለህ ተኛ፣
ዓለምን የሚጠብቃት አለ፤ እርሱ አይተኛም ስለ እኛ።
ላምሪያን ያገባሃት አንተ ነህ፤ ጉባኤው አላገባትም፤
ያለ ደመወዝ ዲያቆን አታድርጓት፤ ካልፈለገች አትዘምርም።

የሽንኩርት ነቀላ ሲደርስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤
አትቁጠር። ሰው የለም አትበል፤ ማሳው ላይ ሞልቷል።
ሱሪህን ጠቅልለህ ውረድ፤
ቀኑን ሙሉ አብረህ ካጎነበስህ፣ ማታ የምትለው ይሰማል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለማንም አልነገርሁም።
ሳሃላ በጣሪያው ተቃወመኝ፤ «እንጨቱ ሳይታደስ ቆርቆሮ አልገዛም» አለ።
እኔም እሑድ ከመድረክ ስሙን ሳልጠራ ወገርሁት፤
ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ስብከቱም አማረልኝ፤ ወደድሁት።
ሰባት ዓመት አልመጣም። እኔም ኩራት ይዞኝ፣
ነገ እሄዳለሁ እያልሁ፣ ነገ እያታለለኝ፣
በመጨረሻ የሄድሁት ሬሳውን ልሸኝ ነው፤
ይቅርታዬን አፈር ሰማው።

መድረኩን ወንጭፍ አታድርገው።
በሰው የተቆጣህ ሳምንት ሌላ ምዕራፍ ስበክ፤
ማክሰኞ ሙዝ ያዝና ከቤቱ ሂድ፤
ባይከፍትልህ ሙዙን ደጃፉ ላይ ተው፤ ረቡዕ ደግሞ ሂድ።

ደግሞም ቃሉ አፍህ ውስጥ እንደ ገለባ
የሚደርቅበት ወቅት አለ። አትፍራ፣ አትደብቀውም፤ ከቲዮሚናር ቤት ግባ።
ጉልበቷ ደክሟል፣ ጸሎቷ ግን አልደከመም።
ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እርሷ ትጸልይልህ፤
ለአንድ ከሰዓት በኋላ በግ ሁን፤ እረኛም እረኛ አለው።

ጀልባው ጮኸ። ና አቅፈኝ።
ጣሪያው እስከ ዛሬ ያፈስሳል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በስተቀኝ፤
ሳሃላ ልክ ነበር፤ እንጨቱ ነው የበሰበሰው።
ባልዲው ከመድረኩ ሥር ነው።